«የማንን ጆሮ ልመን?»

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። አዲስ አበባ የምኖር የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ዕድሜዬ ከአርባ አልፏል። ክላሲካል ሙዚቃን የለመድኩት ልጄ ፒያኖ መማር ስትጀምር አጠገቧ እየተቀመጥኩ ነው። ከሰማሁት ሁሉ ልቤን የያዘው ካናዳዊው ፒያኒስት ግሌን ጉልድ በ1981 የቀረጸው የጀርመናዊው አቀናባሪ የባኽ ‹ጎልድበርግ ቫሪየሽንስ› ነበር። ስለ እሱ ይበልጥ ለማወቅ ብዬ የሃያሲያንን ጽሑፍ ማንበብ ጀመርኩ፤ ባላነበብኩ ይሻለኝ ነበር። አንዱ አምስት ኮከብ ሰጥቶ ከዚህ ሌላ ቅጂ አያስፈልግም ይላል። ሌላው ደግሞ ይህ ባኽ አይደለም፣ ተጫዋቹ ባኽን ሰበብ አድርጎ ራሱን ያሰማበት ነው፣ የሚወዱትም ባኽን የማያውቁ ናቸው ይላል። ከዚያ ወዲህ በሰማሁት ቁጥር ያ ሰው ከኋላዬ ቆሞ የሚስቅብኝ ይመስለኛል። ጆሮዬ ያልተማረ ስለሆነ ይሆን? ውጭ አገር የሚኖረው ወንድሜ ለበዓል ሲመጣ አንድ ጥሩ ቅጂ ገዝቼልህ ልምጣ ብሎኛል፤ የቱን እንደምለው ግራ ገብቶኛል። እነዚህን ሃያሲያን እስከ ምን ድረስ ልመናቸው?

ግራ የገባው አድማጭ»

መልስ፦

ውድ ጠያቂዬ፣

በመጀመሪያ ከኋላዎ የቆመውን ሰው እናስወጣው። «የሚወዱት ባኽን የማያውቁ ናቸው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ስለ ሙዚቃው አንዳች የነገረዎት ነገር የለም። የሚያወራው ስለ እርስዎ ነው፤ ያውም ሳያውቅዎት። ሃያሲ ቅጂውን ትቶ ወደ አድማጩ ማንነት በተሻገረ ቁጥር ማንበብዎን ሊያቆሙ ይችላሉ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሂስ አይደለም፤ ስድብ ነው። ስድብ ለመስማት ደግሞ ባኽን ያህል ሰው መጥራት አያስፈልግም።

የቀረውን ጥያቄዎን ግን እንዲህ በአንድ ቃል ልገላግለው አልችልም። ምክንያቱም ሁለቱም ሃያሲያን በትክክል የሰሙት ነገር አለ፤ ያውም አንድ ዓይነት ነገር ነው።

ጉልድ ይህን ሥራ በስቱዲዮ ሁለት ጊዜ ቀርጾታል (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው)። የመጀመሪያውን የቀረጸው በ1955 ኒው ዮርክ ውስጥ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ሳለ ነው። ሁለተኛውን በዚያው ስቱዲዮ በ1981 ቀረጸ፤ በሚቀጥለው ዓመት በሃምሳ ዓመቱ ሞተ። የወጣትነቱ ቅጂ 38 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ የኋለኛው 51 ደቂቃ ገደማ። «አሪያ» የምትባለው የመክፈቻ ዜማ በ1955ቱ ሁለት ደቂቃ እንኳ አትሞላም፤ በ1981ዱ ወደ ሦስት ደቂቃ ትጠጋለች። ባኽ እያንዳንዱ ክፍል እንዲደገም በኖታው ላይ ምልክት አድርጓል፤ ጉልድ በመጀመሪያው ቅጂ አንዱንም አልደገመም፣ በሁለተኛው የተወሰኑትን ብቻ ደገመ። ሥራው በ1741 ታትሞ ሲወጣ የተጻፈው ሁለት ረድፍ ቁልፍ ላለው ሃርፕሲኮርድ (ክሮቹ እየተነጩ የሚሰሙ፣ ከፒያኖ በፊት የነበረ መሣሪያ) ነበር፤ ጉልድ የተጫወተው በዘመናዊ ፒያኖ ነው። ሲጫወት ደግሞ ያንጎራጉራል፤ ድምፁ በማይክሮፎኑ ገብቶ ቅጂው ላይ ይሰማል፣ እርስዎም ሳይሰሙት አልቀሩም።

ይህ ሁሉ በሰዓትና በኖታ የሚጣራ ነው፤ ማንም ሊክደው አይችልም። አምስት ኮከብ የሰጠው ሃያሲ የአሪያዋን መዘግየት ጥልቀት ብሎ ይጠራዋል፤ ሌላው ያንኑ መዘግየት ራስን ማሰማት ብሎ ይጠራዋል። የሰሙት አንድ ነው፣ የፈረዱት ሁለት። እንግዲህ የእኔ ምክር ከዚህ ይነሣል፦ ማንኛውንም የቅጂ ግምገማ ሲያነቡ ምስክርነቱን ከፍርዱ ይለዩ። በምስክርነቱ ላይ ሃያሲያንን በጣም አምናቸዋለሁ። ብዙ ሰምተዋል፣ ኖታ ያነባሉ፣ ሌላው ሰው በአሥር ዓመት የማይሰማውን በአንድ ዓመት ይሰማሉ። በፍርዳቸው ላይ ግን የማምናቸው ማንነታቸውን እስካወቅኩ ድረስ ብቻ ነው። ኮከቦቹን ከናካቴው አላያቸውም።

ፍርድ ምን ያህል ሊንሸራተት እንደሚችል የሚያሳይ አንድ ታሪክ አለ፤ በሙያው ያሉ ሰዎች ሲነሣባቸው ዛሬም ፊታቸው ይቀላል። ጆይስ ሃቶ የምትባል እንግሊዛዊት ፒያኒስት ነበረች። በ1970ዎቹ ከመድረክ ራቀች፤ ካንሰር ይዟታል ይባል ነበር። ከብዙ ዓመት ዝምታ በኋላ፣ ባለቤቷ ዊሊያም ባሪንግተን-ኩፕ በሚያስተዳድረው አነስተኛ አሳታሚ በኩል፣ በስሟ ሲዲ ይወጣ ጀመር። አንድ ሁለት አይደለም፣ ከመቶ በላይ። ቤትሆቨን፣ ሾፓን፣ ሊስት፣ ራህማኒኖፍ፣ ለፒያኖ ከተጻፈው ከባድ ነገር የቀራት ያለ አይመስልም ነበር። ሕመምተኛዋ አሮጊት ከዓለም ተደብቃ፣ ከሞት ጋር እየታገለች፣ ወጣቶች የሚፈሩትን ሁሉ እንከን በሌለው ጣት ትጫወታለች! እንዲህ ያለ ታሪክ የማይማርከው ሰው የለም፤ ሃያሲያንም ተማረኩ። አንድ የቦስተን ሃያሲ በሕይወት ካሉት ሁሉ የላቀች፣ ግን ማንም ያልሰማላት ፒያኒስት እስከ ማለት ደረሰ። በ2006 ስትሞት ጋዜጦች በአድናቆት ሸኟት።

በፌብሩዋሪ 2007 አንድ አድማጭ በስሟ የወጣውን የሊስት «ትራንሴንደንታል ኤቱዶች» (የጣት ችሎታን የሚፈትኑ አሥራ ሁለት ድርሰቶች) ሲዲ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተተ። ፕሮግራሙ የሲዲዎችን ክፍሎች ርዝመት ከመረጃ ቋት ጋር እያመሳከረ የተጫዋቹን ስም የሚያወጣ ነው። ያወጣው ስም የሃቶ አልነበረም፤ ላስሎ ሲሞን የሚባል ፒያኒስት ለስዊድኑ «ቢስ» አሳታሚ የቀረጸውን አገኘ። ነገሩ የለንደኑ «ግራሞፎን» መጽሔት ዘንድ ደረሰ። አንድ የድምፅ ባለሙያ የሁለቱን ቅጂዎች የድምፅ ሞገድ ጎን ለጎን ቢያስተያይ ከአሥራ ሁለቱ ኤቱዶች አሥሩ ቁርጥ የሲሞን ሆነው ተገኙ። ከዚያ በኋላ ክሩ እየተመዘዘ መጣ። የሾፓን ማዙርካዎች የዩጂን ኢንጂች ነበሩ፤ ይህን ደግሞ በለንደን ዩኒቨርሲቲ ሮያል ሆሎዌይ ኮሌጅ ያሉ ተመራማሪዎች ለሌላ ጥናት ቅጂዎችን ሲለኩ ለብቻቸው ደርሰውበት ነበር። የራህማኒኖፍ ኮንሰርቶዎች የየፊም ብሮንፍማን ነበሩ፤ ኦርኬስትራውን በእውነት የመራው ኤሳ-ፔካ ሳሎነን ሲሆን፣ የሲዲው ሽፋን ግን ሬነ ኮህለር የሚባል በዓለም ላይ ያልነበረ ሰው ስም ይዞ ነበር። ባሪንግተን-ኩፕ ለ«ቢስ» ባለቤት በጻፈው ደብዳቤ አመነ። የሚስቱ የሕመም ሲቃ ቅጂውን እያበላሸ ቢያስቸግረው፣ የሌላ ሰው ቅጂ ቆርጦ መለጠፍ እንደ ጀመረ ተናገረ።

እርስዎ የሂሳብ ሰው ነዎትና አንድ ነገር ልብ እንዲሉልኝ እፈልጋለሁ። ሌባውን የያዘው ጆሮ አልነበረም፣ የደቂቃና የሰከንድ ሰንጠረዥ ነበር።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን የብሮንፍማን ጉዳይ ነው። የብሮንፍማን ቅጂ በራሱ ስም ሲወጣ እምብዛም ሳይማርከው ያለፈው አንድ የ«ግራሞፎን» ሃያሲ፣ ያንኑ ድምፅ ከዓመታት በኋላ በሃቶ ስም ሲሰማ አሞገሰው። በሁለቱ ግምገማዎች መካከል ሙዚቃው አልተለወጠም። የተለወጠው በሽፋኑ ላይ ያለው ስምና ከስሙ ጀርባ ያለው ታሪክ ነው። ስለዚህ በሁለቱ ፍርዶች መካከል ያለው ርቀት በሙሉ ከሙዚቃው ውጭ የመጣ ነው ማለት ነው። እንዲህ በንጹሕ የሚለካ አጋጣሚ በሂስ ዓለም እንደገና የሚገኝ አይመስለኝም።

ብዙዎች ከዚህ ተነስተው ሃያሲያን ሁሉ አታላዮች ናቸው ይላሉ። እኔ እንደዚያ አልልም። የሲሞን፣ የብሮንፍማንና የኢንጂች ጨዋታ ጥሩ ነው፤ «ይህ ግሩም ጨዋታ ነው» ያለ ሃያሲ አልተሳሳተም። የተሳሳተው «በዚህ ሁሉ ሲዲ ውስጥ የአንዲት ሴት ነፍስ ይሰማኛል፣ መከራ ያበሰለው ጥበብ ይሰማኛል» ያለው ነው። ስለ ጣት፣ ስለ ፍጥነት፣ ስለ ድምፅ ጥራት የተጻፈው ምስክርነት አብዛኛው ዛሬም ይጸናል። የፈረሰው ስለ ነፍስ የተጻፈው ነው። እኔም ግምገማ ሳነብ «ነፍስ»፣ «ጥልቀት»፣ «ብስለት» የሚሉ ቃላት ጋ ስደርስ ቶሎ አልፋለሁ። በተለይ «ራህማኒኖፍን የሚያውቀው ሩሲያዊ ብቻ ነው» የሚል ዓይነት ነገር ሲገጥመኝ እነዚያ ከየአገሩ የተለቃቀሙ ፒያኒስቶች አንዲት እንግሊዛዊት ሆነው ስንት ዓመት እንደ ኖሩ ትዝ ይለኛል።

ስምና ዓይን ጆሮን ማሳሳታቸው የሃያሲያን ብቻ ችግር አይደለም። ቺያ-ጁንግ ሳይ የምትባል ፒያኒስትና ተመራማሪ በ2013 ባሳተመችው ጥናት፣ ሰዎች የክላሲካል ሙዚቃ ውድድር አሸናፊዎችን የለዩት ድምፁን ብቻ ሲሰሙ ሳይሆን ድምፅ አልባ ቪዲዮ ሲያዩ ነበር፤ የሙዚቃ ባለሙያዎቹም እንደዚያው። የፈረንሳይ ሬዲዮ ለዚህ ጥሩ መድኃኒት አለው። የአንድን ሥራ ልዩ ልዩ ቅጂዎች ለሃያሲያን የተጫዋቹን ስም ሳይነግር ያሰማቸዋል፤ እነሱም በአድማጩ ፊት ይከራከራሉ፣ ስሞቹ የሚገለጡት በኋላ ነው። የተከበረ ስም ገና በመጀመሪያው ዙር ሲወድቅ መስማት ደስ ይላል፤ ክፋት ከሆነም ይሁን። ፈረንሳይኛ የሚሰሙ ከሆነ ከሁሉም ሂስ ይህን አስቀድሜ እመርጥልዎታለሁ።

ስመ ጥር ሃያሲ መሆንም ከስሕተት አያድንም። በ1881 የቻይኮቭስኪ የቫዮሊን ኮንሰርቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ቪየና ላይ ሲሰማ፣ በከተማው ከሁሉም የሚፈራው ሃያሲ ኤዱዋርድ ሃንስሊክ ለጆሮ የሚገማ ሙዚቃ እንዳለ የሚያሳስብ ነው ብሎ ጻፈ። ዛሬ ያን ሥራ የማይጫወት የቫዮሊን ሊቅ ፈልጎ ማግኘት ያስቸግራል።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ አጭር ነው። «ግራሞፎን» መጽሔት በ1923 በስኮትላንዳዊው ደራሲ ኮምፕተን ማኬንዚ ሲመሠረት ሸክላ ውድ ነበር። በአንዱ ገጽ አራት ደቂቃ ያህል ብቻ ስለሚይዝ አንድ ሲምፎኒ ለመስማት የሸክላ ክምር መግዛት ያስፈልግ ነበር። ገዢው አስቀድሞ የሚሰማበት መንገድ አልነበረውምና ቀድሞ ሰምቶ «ይህን ግዛ፣ ያን ተው» የሚለው ሰው ያስፈልገው ነበር። የቅጂ ሂስ በዚህ ምክንያት ተወለደ፤ ኮከቡም፣ «የወሩ ምርጥ» የሚለው ማዕረግም ከዚያ ዘመን ጠባይ የተረፉ ናቸው። የሙዚቃ መጽሔቶች የሲዲ አሳታሚዎች በሚከፍሉት ማስታወቂያ ይኖራሉ፣ ሃያሲያንም ቅጂዎቹን በነጻ ያገኛሉ። ይህ ጉቦ ነው አልልም። ነገር ግን ማስታወቂያው በሚወጣበት መጽሔት ውስጥ ግምገማ ሲያነቡ በጥርጣሬ ያንብቡ። በሲዲ ጀርባ ከግምገማ ተቆርጣ የተለጠፈች ሁለት ቃል ካዩ ደግሞ የተቆረጠው የቀረው ዓረፍተ ነገር ምን ይል እንደ ነበር ይጠይቁ። ዛሬ እርስዎ ስልክዎ ላይ ሰምተው መወሰን ይችላሉ። ስለዚህ «ግዛ» የሚለው ምክር ዋጋው ቀንሷል፤ «ሦስተኛው ደቂቃ ላይ የግራ እጁን ስማ» የሚለው ግን ዋጋው ጨምሯል።

እንግዲያስ ሃያሲ ለምን ይጠቅማል? ጓደኛዎ «የዚያ ቤት ወጥ በርበሬ በዝቶበታል» ቢልዎት፣ ምክሩ የሚጠቅምዎት እሱ በርበሬ እንዴት እንደሚበላ ካወቁ ብቻ ነው። የሃያሲም እንዲሁ ነው። ከሁሉ የሚሻለው ሃያሲ ከእርስዎ ጋር የሚስማማው አይደለም፤ ጠባዩ የማይለዋወጠው ነው። አንዱ ፈጣን ጨዋታ ይወዳል፣ ሌላው የድሮ መሣሪያ ካልሆነ አይጥመውም፣ ሦስተኛው በወጣትነቱ ከሰማው ቅጂ ሌላ ሁሉ ያንሰዋል። ይህ ሦስተኛው በጣም ብዙ ነው፣ እኛም ሁላችን ከእሱ ወገን ነን፤ መጀመሪያ የሰማነው ቅጂ ለቀሪው ሁሉ መለኪያ ይሆንብናል። እርስዎ የጉልድን 1981 ቀድመው ስለ ሰሙ ሌላው ሁሉ ለጊዜው የተጣደፈ ሊመስልዎት ይችላል። የሃያሲውን ጠባይ ካወቁት ግን «አሰልቺ ነው» ያለውን ቅጂ ፈልገው ሄደው ሊወዱት ይችላሉ። እኔ ፍርዱን አንድም ቀን ያልተቀበልኩት፣ ነገር ግን ጽሑፉ እንዲያመልጠኝ የማልፈልገው ሃያሲ አለ። የሚጠላውን ነገር በትክክል ስለሚገልጸው የምወደውን በእሱ አገኛለሁ።

የእንግሊዙ የፔንግዊን የሸክላ መመሪያ አዘጋጆች ለዚህ አንድ ጨዋ ዘዴ ነበራቸው። ከኮከቦቹ ሌላ ለጥቂት ቅጂዎች የአበባ ምልክት ይሰጡ ነበር፤ ትርጉሙንም አልደበቁም፤ የአንዱ አዘጋጅ የግል ፍቅር ነው፣ መስፈርት የለውም ብለው ጻፉ። ፍቅርን ፍቅር ብሎ መጥራት ፍርድ ብሎ ከመጥራት ይሻላል።

ስለ ጆሮዎ መማርና አለመማር የጠየቁት ነገር ግን አሳዝኖኛል፤ ስለዚህ ከአገራችን አንድ ምሳሌ ላምጣ። ፒያኒስቷ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1923 ተወልደው ገና በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን ተማሩ፤ በኋላም ካይሮ አሌክሳንደር ኮንቶሮቪች ከሚባል ፖላንዳዊ ዘንድ ተምረዋል። የፒያኖ ሥራዎቻቸው በ1960ዎቹ ጀርመን አገር በሸክላ ታትመው ነበር፤ ዓለም የሰማቸው ግን በ2006 በአንድ የፈረንሳይ ተከታታይ ሲዲ እንደገና ሲወጡ ነው። ያን ጊዜ የውጭ ሃያሲያን አወደሷቸው፤ ውዳሴውም ቅን ነበር። ነገር ግን የሚመዝኑበት መለኪያ ሲያጡ እጃቸውን ወደ ራሳቸው መደርደሪያ ሰደዱ፦ አንዱ ፈረንሳዊውን አቀናባሪ ሳቲን አነሣ፣ አንዱ ሾፓንን፣ አንዱ የአሜሪካ ብሉዝን። የአውሮፓን ክላሲካል በእርግጥ ተምረዋልና ነገሩ ባዶ አይደለም። እኔና እርስዎ ግን ገና በመጀመሪያዎቹ ድምፆች ትዝታና ባቲን፣ ከዚያም የቤተ ክርስቲያን ዜማን እንሰማለን። ያ ሃያሲ ሰምቶ ያልሰማውን ነው የምንሰማው። እሱ መሃይም አይደለም፣ እኛም ሊቃውንት አይደለንም፤ ጆሮ በኖረበት ቤት ያድጋል። ታዲያ ስለ እማሆይ ያ ሃያሲ እንደዚያ ከተወሰነ፣ ስለ ባኽ ሲጽፍም ወሰን ያለው ሰው መሆኑን አይርሱ። እሳቸው በ2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ ሲያርፉ የተጻፈውን ካነበቡ ያ መደርደሪያ አሁንም እንዳለ ያያሉ።

አሁን ወንድምዎ ምን ይግዛ? ጉልድን ስልክዎ ላይ አግኝተውታልና ገንዘብ አያውጡበት። ከጉልድ የሚቃረን ቅጂ ቢኖርዎት ይሻላል፤ የእኔ ምርጫ ፒያኒስቱ ማሪ ፔራያ በ2000 ለሶኒ የቀረጸው ነው። ፔራያ ባኽ ያዘዛቸውን ድጋሚዎች ይጫወታል፤ በድጋሚው ጊዜም የዜማውን ጌጥ ትንሽ ይለውጠዋል፣ ሲጫወትም አያንጎራጉርም። ከጉልድ ይበልጣል ማለቴ አይደለም። ጉልድ ያልመለሰውን ጥያቄ ስለሚመልስ ነው። ወንድምዎ ባያገኘው ደግሞ ሳይከፍሉ የሚሰሙት አለልዎት። ኪሚኮ ኢሺዛካ የምትባል ፒያኒስት በ2012 ይህን ሥራ በሕዝብ መዋጮ ቀርጻ ለማንም በነጻ ለቃዋለች፤ ኖታውም አብሮ በነጻ ተለቋል፣ ለልጅዎ ይጠቅማል። የኔዘርላንድስ ባኽ ማኅበር ደግሞ ፈረንሳዊው ዣን ሮንዶ በሃርፕሲኮርድ ሲጫወተው የሚያሳይ ቪዲዮ በዩቲዩብ ላይ አለው። ሃርፕሲኮርድ መጀመሪያ ላይ ጆሮ ይቧጥጣል፤ ሩብ ሰዓት ይታገሡት። የባኽ ዘመን ጆሮ ይህን ነበር የሚሰማው፣ «ይህ ባኽ አይደለም» ያለዎት ሃያሲ ምን ማለቱ ሊሆን እንደሚችል እዚያ ይገባዎታል።

ቻይናዊው ፒያኒስት ላንግ ላንግ በ2020 ያወጣውንም ቢሰሙ አልከለክልዎትም። ከድጋሚዎቹ ጋር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል፤ ሃያሲያንን ለሁለት የከፈለ ነው። ለእኔ ተጎትቷል፤ እርስዎ ግን ዝግታ እንደሚወዱ ከደብዳቤዎ ገምቻለሁ።

እነዚህን ካገኙ በኋላ ሁሉንም ከዳር እስከ ዳር አይስሙ። ሃያ አምስተኛውን ቫሪየሽን (ከአሪያዋ ተነሥተው ከተለዋወጡት ክፍሎች አንዱን) ብቻ ይምረጡ፤ ሥራው ሁሉ ወደ ሐዘን የሚወርድበት ክፍል ነው። መጀመሪያ የጉልድን 1955 ይስሙ፣ ከዚያ የ1981ዱን፣ ሁለቱንም በሰዓት ይያዙ። ስለ እነዚህ ሁለት ቅጂዎች የሚጻፈው ሁሉ ወጣቱ ይፈጥናል፣ አዛውንቱ ይዘገያል የሚል ነው። በዚህ ክፍል ግን ወጣቱ ነው የሚዘገየው፤ የ1981ዱ በጥቂት ሰከንዶች ያጥራል። ይህን ያላስተዋለ ሃያሲ ስለ ሁለቱ ቅጂዎች የጻፈው ከስማ በለው ሊሆን ይችላል። ከዚያ ፔራያን ወይም ኢሺዛካን ይስሙ፣ በመጨረሻም ሮንዶን።

ይህን ሲጨርሱ ያስጨነቁዎትን ሁለት ግምገማዎች እንደገና ያንብቡ፤ ኮከቡንና ስድቡን በእስክሪብቶ ይሰርዙ። የሰሙትን በትክክል የገለጸልዎት የትኛው እንደሆነ ያኔ ያውቃሉ። ባይስማሙበትም እንኳ የሚቀጥለውን ጽሑፉን ያንብቡ፤ የሌላውን ተዉት። የትኛው እንደ ሆነ ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል፤ ያ ተሳዳቢው ሆኖ ከተገኘ ግን አይሳቁብኝ፣ አንዳንዴ እንደዚያም ይሆናል።